ከወባው በኋላ የጠፉት ጣቢያዎች

ወባ ሲይዘኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ድሬዳዋ ተወልጄ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሲያንቀጠቅጠኝ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ሲያልበኝ ገልጬ፣ በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ጠመኔ መያዝ የለመድኩት ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የያዘኝ ግን ራሴን አሳተኝ። ጎረቤቶቼ በባጃጅ ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዱኝና አራት ቀን ተኛሁ። ዶክተሩ ኩዊኒን በግሉኮስ አዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲል ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የፌንጣ የሚመስል ድምፅ ነበር።

“የመድኃኒቱ ነው” አለኝ ዶክተሩ። “ሲጨርሱ ይለቅዎታል። አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።”

ያችን “አብዛኛውን ጊዜ” ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይረሳት ነበር። እኔ ግን ከሥራዬ በቀር ያለችኝ ትልቋ ደስታ በጆሮዬ የምትገባ ናት።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ቤቴ ከዚራ ነው፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ የገባንበት አሮጌ የድንጋይ ቤት። ቤቱ መሃሉ ላይ በግድግዳ ተከፍሎ ለሁለት ቤተሰብ የተሰጠ ነው። በወዲያኛው በኩል ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በወዲህኛው በኩል፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ።

አባቴ ቴሌግራፍ መቺ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከየጣቢያው የሚመጣውን ጠቅታ ሲሰማ ውሎ፣ ማታ ደግሞ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይከፍታል። የሚከፍተው ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰማውን ዜና ለመስማት አልነበረም። ማዞሪያውን እንደ ሰዓት ሠሪ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በአንዱ ጣቢያና በሌላው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይፈትሻል። እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። “ጩኸቱን አትስሚ” ይለኛል። “ከጩኸቱ ጀርባ ያለውን ስሚ።” መጀመሪያ ምንም አይሰማኝም። ከዚያ ከሩቅ፣ የሆነ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሲናገር እሰማለሁ፤ ቤቱን አላውቀውም፣ አገሩ አሁን ይንጋ ይምሽ አላውቅም፣ ግን ድምፁ እኛ በረንዳ ላይ ደርሷል። ካርታ መውደድ የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ሩቅ ጣቢያ ማጥመድ ብለን እንጠራዋለን። ዛሬ ሁሉም ሰው የፈለገውን አገር ድምፅ በስልኩ መስማት ስለሚችል፣ ሰዎች ድካሙ ለምን እንደሆነ አይገባቸውም። ተማሪዎቼም ይስቁብኛል። በስልክ የሚመጣው ግን ጠርተሽው ነው የሚመጣው። በአጭር ሞገድ የሚመጣው በራሱ ጊዜ፣ ሰማዩ ሲፈቅድ ነው፤ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ወር ሊጠፋ ይችላል። ከበረንዳው ምሰሶ እስከ ግቢው የኒም ዛፍ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ አለኝ። ሽቦው ዛፉን እንዳይነካ የጠርሙስ አንገት አስሬበታለሁ። በጣም ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ከአስራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት። የያዝኩትን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሞገዱን፣ የሰማሁትን፣ እንዴት እንደሰማሁት። ደስ ካለኝ የሰማሁትን ዘርዝሬ ለጣቢያው እልካለሁ፤ እነሱም አንዳንዴ “አዎ፣ የሰማሽው እኛን ነው” የሚል ካርድ ይልኩልኛል። ከየአገሩ የመጡ እንዲህ ያሉ ካርዶች በካርቶን አስቀምጫለሁ።

ይህን ነገር ከኔ ጋር የሚጋራ ሰው ድሬ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ታይዋን ገበያ ጫፍ ላይ ሬዲዮ የሚጠግን፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሶማሌ ነው። አዴር ነው የምለው፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አንተ እለዋለሁ፤ በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙ አይለመድም፣ እሱም አንቱ ብለው ይስቅብኛል። ዛሬ የሚመጣለት ሥራ አብዛኛው ስልክ ነው፣ ልቡ ግን አሁንም ሬዲዮ ላይ ነው። እሱ የሚያጠምደው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጎህ ሲቀድ ነው፣ እኔ ሲመሽ። በየሁለት በሦስት ቀኑ ደውሎ፣ “ሀዬ፣ ምን ያዝሽ?” ይለኛል። እነግረዋለሁ። እሱም ይነግረኛል። አንድም ቀን ተጠራጥረን አናውቅም። እዚህ ሥራ ውስጥ ምስክር የለም፤ ብቻሽን ሰምተሽ፣ ብቻሽን ትጽፊያለሽ። ያለሽ ነገር ቃልሽ ብቻ ነው።

ከሐኪም ቤት በወጣሁ በአምስተኛው ቀን ጆሮዬ መጮሁን አቆመ። ጠዋት ስነሳ የወፎቹን ድምፅ ሰማሁ፣ ፌንጣዋ የለችም። ተመስገን አልኩ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጉልበቴ ገና ሳይመለስ፣ ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሬዲዮኔን ከሽቦው ጋር አገናኘሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትኩ።

ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው የሰማሁትን ያውቀዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩት፤ በየትኛውም ሞገድ ላይ ያው መጥበስ ነው። በሌላ ጊዜ ጎረቤት የሚመስሉት ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከመጥበሱ ስር እንደ ሹክሹክታ ይሰማሉ፤ ቃላቸው ግን አይለይም። ሩቆቹ ጨርሶ የሉም። ሰማዩ ነው ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀንም።

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ጆሮዋ መድከም የጀመረው ልክ በኔ ዕድሜ ነበር። “ድምፁ ይሰማኛል” ትለን ነበር፣ “ቃሉ ነው የሚፈርስብኝ።” በስድሳ ዓመቷ የምንናገራትን ከከንፈራችን ታነብ ነበር። በስተኋላ ጨርሶ ደንቁራ፣ ሰው በተሰበሰበበት ፈገግ እያለች ትቀመጣለች፤ ፈገግታዋ ሁልጊዜ ከሁላችንም ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ያን የዘገየ ፈገግታዋን ረስቼው አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ነገሩ ባሰብኝ። አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር መልስ ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ምናልባት ልጅቷ ቀስ ብላ ተናግራ ይሆናል፣ ምናልባት ባጃጅ አልፎ ይሆናል፤ እኔ ግን ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። መድኃኒቱ የእናቴን ዕጣ ቀድሞ አመጣብኝ ብዬ ደመደምኩ። ሐኪም ቤት ተመልሼ ለመሄድም ፈራሁ። ካልተነገረኝ ገና አልሆነም የሚል የልጅ ሐሳብ ያዘኝ።

ቤቴ የሚመጣ ሰው ጩኸቱን ቢሰማው ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ግን በማዳመጫ ነው የምሰማው፤ ደግሞም የኔ ሬዲዮ ድሮም የሚንጫረር ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ልጄ ማታ ማታ ስትደውል፣ “ድነሻል?” ትለኛለች፣ “ድኛለሁ” እላታለሁ። ስልኩን ከቀኝ ወደ ግራ ጆሮዬ እያዛወርኩ የቱ እንደሚሻል እሞክራለሁ፤ ለሷ ግን አልነግራትም።

አዴር ሲደውል ደግሞ የማላደርገውን አደረግሁ።

“ሀዬ፣ ጤና መለሰሽ?” አለኝ። “ምን ያዝሽ?”

አልሰማም፣ ጆሮዬ ሄዷል ማለት አቃተኝ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ ደሴቶች አንዷ ላይ ያለች፣ ሁለታችንም የምንወዳት ትንሽ ጣቢያ አለች፤ ትናንት አመሻሽ ላይ እሷን ያዝኩ አልኩት። ሴትዮዋ ስለ አየር ጠባይ ስታወራ ነበር፣ ከዚያ ሙዚቃ ሆነ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ፣ ውሸቴ ሙሉ እንዲሆን፣ በደብተሬ ላይም ጻፍኩት። ሰዓቱን አስገባሁ። “ደከም ያለ፣ ግን ግልጽ” ብዬ አስገባሁ። ሠላሳ ዓመት በጻፍኩት ደብተር ላይ የመጀመሪያው የሐሰት መስመር ነበር። በማግስቱ ሌላ ጨመርኩበት። ከዚያ ሬዲዮኑን ጨርቅ ሸፍኜ ቁም ሣጥን ላይ አወጣሁት፤ ሁለት ሳምንት አልነካሁትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። አዴር ነው። ከጁምዓ ሶላት መምጣቱ ነበር፤ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ በአንድ እጁ ሐብሐብ፣ በሌላው ትንሽ ያረጀች የኪስ ሬዲዮ ይዟል። ቤቴ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

“በሽተኛ ልጠይቅ መጣሁ” አለና ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። በረንዳውን አየት፣ ጠረጴዛውን አየት አደረገና፣ “ሬዲዮንሽ የት አለ?” አለኝ።

“አስቀምጬዋለሁ። ሥራ በዛብኝ።”

“አውርጂው።”

ልከራከረው አልቻልኩም። አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ሽቦውን አገናኘሁ። ማዳመጫውን አልሰጠሁትም፤ እሱ ራሱ የማዳመጫውን መሰኪያ ነቀለውና ድምፁ በረንዳውን ሞላው። መጥበስ። አዴር ጎንበስ ብሎ ሰማ። ማዞሪያውን ወዲህ ወዲያ አደረገ። ፊቱን አያለሁ፣ ምንም አይነበብበትም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጮኸው?” አለ።

“ይሰማሃል?” አልኩት።

“ምኑ?”

“ይሄ መጥበሱ። ይሰማሃል?”

ቀና ብሎ አየኝ። “ይሄን የማይሰማ ሰው ሞቷል። ወላሂ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ የሚጠብስ ነው የሚመስለው።”

ተቀመጥኩ። መቀመጤን ያወቅኩት ወንበሩ ሲንቋቋ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አዴርም አላየሁም ለማለት ሐብሐቡን መቁረጫ ቢላ ፍለጋ ዞር ዞር አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ኩዊኒኑ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ተማሪዋ።

“እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው” አለ ስጨርስ። “ያዝኩ ያልሽኝ የደሴቷ ጣቢያ የለችም። ለጥገና ነው የዘጉት። ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ ከመዝጋታቸው በፊት ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ተሳስተሽ ይሆናል ብዬ ተውኩት። አንቺ አትዋሺም። አንቺ ከዋሸሽ አንድ ነገር ሆነሻል አልኩ።”

መሬት አየሁ።

“በኋላ እንነጋገራለን” አለ። “አሁን ይሄን እናግኘው። መብራት ሲጠፋ ሞክረሽዋል?”

“ከተውኩት ሁለት ሳምንቴ ነው።”

ሬዲዮኑን በባትሪ ድንጋይ ብቻ እንዲሠራ አደረገና፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ እንድዘጋ ነገረኝ። ዘጋሁት። የቤቴ ማቀዝቀዣ ዝም አለ፣ ቬንቲሌተሩ ቀስ ብሎ ቆመ። መጥበሱ ግን ቀጠለ። “ያንቺ ቤት አይደለም” አለ አዴር፤ ያችን የኪስ ሬዲዮ አንስቶ፣ ምንም ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጎ ከፈታት። እሷም መጥበስ ጀመረች። እንዲህ ያለችው ሬዲዮ ጎኗን ወደ ድምፁ ምንጭ ስትሰጪያት ትጮኻለች፣ አፍንጫዋን ስታቀኚበት ትደክማለች። አዴር እንደ ውሃ ፈላጊ በደረቱ ፊት ይዟት እየዞረ ከግቢ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

በመንገዱ እስከ ጥግ ሄድን፤ ደከመች። ወደ ግራ ሄድን፤ ጠፋች። ጥላ ስር ጫቱን የያዘ አንድ ጎረቤት፣ “ምን ጠፍቶባችሁ ነው?” አለን። “ጩኸት” አለው አዴር። “እኛ ቤት ሞልቷል፣ ኑ ውሰዱ” አለ ሰውዬው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ ሄደ፤ እትዬ በር ላይ ስንደርስ ሬዲዮኗ ከእጁ ልትዘል የደረሰች መሰለች።

እትዬ በመኖሪያቸው በር ሥር ተቀምጠው፣ የሁመር፣ የዚያ ኮምጣጣ የዛፍ ፍሬ፣ ጭማቂ በትንንሽ ፌስታል እየሞሉ ይቋጥራሉ። ይህን አቀዝቅዘው ለሰፈሩ ይሸጣሉ፤ በድሬ ሙቀት የማይፈልገው የለም። ከኋላቸው፣ በክፍሉ ውስጥ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ የከሰዓት እንቅልፋቸውን ተኝተዋል።

“እትዬ፣ ይቅርታ፣ ገብተን አንድ ነገር ብናይ?” አልኳቸው።

“ግቡ፣ ቤታችሁ ነው። ልጆቹን እንዳትቀሰቅሱብኝ እንጂ።”

አዴር ጫማውን አውልቆ በጣቱ ጫፍ ገባ። ሬዲዮኗን ድምፅ ቀንሶ ጆሮው ላይ ይዟታል። በመስኮቱ በኩል ሄደ፣ ተመለሰ። ማቀዝቀዣው ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ሬዲዮኗን ወደ ኮርኒሱ አስጠጋ። የቤቶቻችን ኮርኒስ ከድሮ ጀምሮ አቡጀዴ ነው፤ ኖራ የተቀባ፣ በሚስማር የተወጠረ ጨርቅ። አዴር ሌላውን እጁን ግድግዳው ላይ፣ ሽቦው ወደ ታች በሚወርድበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወዲያው አነሳው።

“ንኪው” አለኝ በሹክሹክታ።

ነካሁት። የድሬ ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል፣ ይሄ ግን እንደ ተተኮሰ ልብስ ነው። የማቀዝቀዣው ሶኬት ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል።

“እትዬ” አለ አዴር፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ “እዚህ ቤት የሚሸት ነገር አለ?”

“አዎ፣ ከዝናቡ ወዲህ” አሉ እትዬ። “የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል። ልጆቹ ላስቲክ የሚያቃጥሉ መስሎኝ ተቆጣኋቸው። አምፖሉም ይርገበገባል።”

“ልጆቹን አስወጧቸው” አለ አዴር። “ቀስ ብላችሁ። አሁን።”

እትዬ ከእጃቸው ፌስታሉን አስቀመጡ። ለምን ብለው አልጠየቁም። ትልቁን እጁን ይዘው ቀሰቀሱት፤ ትንሿን እኔ ከነአንሶላዋ ተሸክሜ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ከብዳኝ ነበር፤ ወባው ገና ከጉልበቴ አልወጣም። አንገቴ ላይ እንደተኛች ቀጠለች። አዴር ወደ እትዬ ቆጣሪ ሄደ። ማጥፊያው ጠቅ ሲል ሰማሁ፤ በዚያችው ቅጽበት የኪስ ሬዲዮኗ ዝም አለች። ያን ሰሞን ሲጠብሰኝ የነበረው ነገር እንደ ክር ተቆረጠ። ከዝምታው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ሰው በአረብኛ ሲያዜም ይሰማ ነበር።

መሰላል አመጣን። አዴር ነጭ ልብሱን ሰብስቦ ወጣና አቡጀዴውን በቢላ ሰነጠቀው። መጀመሪያ አቧራ ወረደ። ቀጥሎ ጨርቁን ወደ ታች ሲገለብጠው፣ ከላይ በኩል የተቃጠለ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ቀዳዳ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቦታ አየን። ከበላዩ፣ ድሮ ተጠማዞ በፕላስተር የታሰረ የሽቦ መጋጠሚያ አለ። ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ አርሶታል፤ ፕላስተሩ ቀልጦ ወርዷል፤ ሁለቱ ሽቦዎች በመሃላቸው እሳት እየተፉ ኖረዋል። የሬዲዮኔ መጥበስ ያ ነበር። ልጆቹ የሚተኙበት ፍራሽ ደግሞ ልክ ከሥሩ ነው።

እትዬ ቀና ብለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ፤ ትልቁን ልጅ ወደ ጉያቸው ሳቡትና ራሱን ይደባብሱት ጀመር። እሱ ገና እንቅልፉ ስላልለቀቀው ምን እንደሆነ አልገባውም።

“ዛሬ ማታ ይሁን ነገ ማታ አላውቅም” አለ አዴር ከመሰላሉ ሲወርድ። “ግን አይቆይም ነበር።”

“እኔኮ ልጆቹን ተቆጣሁ” አሉ እትዬ። “ላስቲክ አታቃጥሉ ብዬ።”

“ሰው ምን ያውቃል፣ እትዬ” አልኳቸው። እኔም በሽታዬ ነው ብዬ ጨርቅ ሸፍኜው ነበር አላልኩም፤ ግን በዚያ ግድግዳ ማዶ ተቀምጬ ስሰማው የነበርኩት እኔ ነኝ። ከፈራሁት ላይ ጨርቅ ባልጥልበት ኖሮ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይገኝ ነበር። ደግነቱ፣ ቀድሞም ይሁን ዘግይቶ፣ ተገኘ። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ እስከ ዛሬም ያሳርፈኛል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ነገ ጠዋት ሽቦውን እስኪቀይር ድረስ መብራት እንዳይከፈት አለ። እትዬ ወደ ማቀዝቀዣቸው አዩና፣ “ይሄ ሁሉ ሁመር ሊሞቅ ነው” አሉ። አዴር ሳቀ፤ ያን ቀን የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። በአንድ ሳፋ አወጣነው። እትዬ በር ላይ ቆመው ለመንገደኛው ሁሉ በነፃ ያድሉ ጀመር። ያ ጫት ይዞ የቀለደብን ጎረቤት ሦስት ጠጣ። ባጃጅ ነጂዎች እየቆሙ ተቀበሉ፤ አንዱ፣ “የምን ሰርግ ነው?” ሲላቸው እትዬ፣ “የኔ” አሉት።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አዴር ሊሄድ ተነሳ፤ ከዚያ ሬዲዮኑን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ልጆቹ ሳሎኔ ውስጥ አንሶላ አንጥፈው እየተጫወቱ ነው። ማዳመጫውን ሳልሰካ ከፈትኩ። የሚንሾካሾክ ንጹህ ባዶ ቦታ ነበር፣ ልክ እንደ ድሮው። ማዞሪያውን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ትልልቆቹ በየቦታቸው ቁጭ ብለዋል። አለፍኳቸው። በአንዱና በሌላው መሃል፣ መርፌዋ የፀጉር ያህል ስትንቀሳቀስ፣ አንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ። ድምፅዋ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል።

“ማናት?” አለ አዴር፣ ጆሮውን አስጠግቶ።

“ጠብቅ።” ዓይኔን ጨፈንኩ። “ፖርቱጋልኛ ነው። ብራዚል መሰለኝ... አዎ፣ የከተማዋን ስም አለች። አሁን ሰዓት እየተናገረች ነው።”

“ለኔ አይሰማኝም” አለ አዴር።

“እንዴት አይሰማህም? ይኸው፣ አሁን ዘፈን ጀመሩ።”

አዴር ወደ ኋላ ተደግፎ አየኝ። “የኔን ጆሮ ነው ሐኪም ማየት ያለበት” አለ።

ሳቅሁ፤ ሳቄ አልቆም አለ። አዴር ራሱ እየሳቀ ደብተሩን ከጠረጴዛው አነሳና ከፊቴ አስቀመጠው። ሁለቱን የሐሰት መስመሮች ራሴ ገልጬ አሳየሁት። ገጹን ልቀደው ስል እጄን ያዘ።

“አትቅደጂ። የሆነ ነገር ነው፣ ሆኗል። በላዩ መስመር አስምሪና ‘አልተሰማም’ ብለሽ ጻፊ።”

እንዳለኝ አደረግሁ። ከሥሩ ብራዚልን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን፣ ሞገዱን፣ የሰማሁትን።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማዳመጫ አድርጎልኝ ድምፆችን እያሰማ መረመረኝ። የቀኙ ትንሽ ደከም ብሏል፣ በዕድሜዎ ይጠበቃል፣ መድኃኒቱ የጎዳው ነገር የለም አለኝ። ትንሽ መድከሙን ስሰማ የምደነግጥ መስሎኝ ነበር። አልደነገጥኩም። ስሙንም ልኩንም ስለነገረኝ አመሰገንኩት።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ስትደውል ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስለ እትዬ የልጅ ልጆች ስነግራት፣ “ደህና ናቸው?” አለች። እናቴ ጋ ስደርስ ግን ተቆጣች።

“ሁለት ሳምንት ሙሉ ደነቆርኩ ብለሽ ስታስቢ፣ በየማታው ‘ድኛለሁ’ ትይኝ ነበር?”

“እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው።”

“እማዬ፣ አያቴኮ ጆሮዋ እንደደከመ ለናንተ የነገረቻችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ሁለት ዓመት ብቻዋን።”

እውነቷን ነበር። ለረጅም ጊዜ ሳስበው የኖርኩት የእናቴን መደንቆር ነው፤ የደበቀችበትን ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር። ከሁሉ የከበዳት ምናልባት ያ ይሆናል።

“ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ” አልኳት።

“ምንም ቢሆን?”

“ምንም ቢሆን።”

ከዚያ ስለ ፈተናዋ አወራችኝ፤ ስለ ዶርሟ ውሃ መጥፋት፣ አብራት ስለምትተኛው ልጅ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።